አንገቱ የተሰበረ እንስራና የጉልት ቲማቲም፦ ከአዳማ የአንድ ግቢ ጉዳይ ጥናት

ጥር መጨረሻ ነው፣ 2016 ዓ.ም.። ከሥራ ስገባ ጎረቤቴ በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ቲማቲም ይለያሉ። የሚሸጠው በቀኝ፣ ለወጥ የሚሆነው በግራ፣ የሚጣለው መሃል ባልዲ ውስጥ። ባልዲው ሞልቶ ነበር።

"ና እስኪ" አሉኝ። "አንተ ፍሪጅ ትጠግን የለም? እስቲ አንድ አሮጌ ፈልግልኝ። ይኸው ለፍቼ ለፍቼ ለዝንብ ነው የማበላው።"

እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ስማቸውን አልጽፍም። አዳማ ውስጥ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ አምስት ተከራይ ነን። እሳቸው ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ጉልት አላቸው። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ አንዳንዴ ሰላጣና ካሮት። ቲማቲሙን በግማሽ ሳጥን ነው የሚገዙት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ። ከመቂና ከቆቃ በኩል በአይሱዙ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ሳጥኑ ውስጥ ከታች ያለው ገና ሳይወርድ ተጨፍልቋል። የቀረው ደግሞ በመደብ እየተሸጠ ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ይቆያል። የማይሸጠው ማታ ክፍላቸው ይገባል። ክፍሉ ቆርቆሮ ክዳን ነው። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። ከሰዓት በኋላ እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ላቡን እየጠረገ ነው የሚወጣው። ቲማቲሙም እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ፍሪጁን ለምን አልፈለግኩላቸውም? በርካታ ምክንያት ነበር። ደህና የሚባል አሮጌ ፍሪጅ ያኔ ከ15,000 ብር በታች አላገኝም ነበር። የግቢው ቆጣሪ የጋራ ነው፣ ፍሪጅ ያስገባ ሰው በየወሩ ከሁሉም ጋር ይጨቃጨቃል። መብራቱም ይጠፋል። ግን ከሁሉ በላይ ቲማቲም ፍሪጅ አይወድም። ከ12 ዲግሪ በታች ብዙ ቀን ሲቆይ ሥጋው እንደ ዱቄት ይሆናል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ከወጣ በኋላም ቶሎ ይበሰብሳል። ደንበኛ እጁ ላይ ይዞ ያውቀዋል። እትዬ የሚያስፈልጋቸው 4 ዲግሪ የሚያወርድ ማሽን አልነበረም። ከ30 ወደ 20 አካባቢ የሚያወርድ ነገር ነው። ያ ደግሞ ያለ መብራት ይቻላል። እንስራ ሲያደርገው የኖረው ሥራ ነው።

በእንስራ ውሃ የጠጣ ሰው ያስታውሰዋል። እንስራው ከውጭ ያልበዋል። ያ ላብ ነው ውሃውን የሚያቀዘቅዘው። ሸክላው ቀዳዳ አለው፣ ለዓይን የማይታይ። ውሃው በቀስታ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ንፋስ ያገኘዋል፣ ይተናል። ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ የሚወስደው ሙቀት 1,000 ዋት የሆነ ምድጃ 40 ደቂቃ ያህል የሚሰጠውን ያክላል። ትንሽ አይደለም። ፍሪጅም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ጋዙ ከፈሳሽ ወደ ተን ሲለወጥ ከውስጥ ሙቀት ይወስዳል። ልዩነቱ ፍሪጁ ተኑን በኮምፕረሰር መልሶ ይጨምቀዋል፣ እንስራው ግን ለንፋስ ይሰጠዋል። ለዚህ ነው እንስራው ቆጣሪ የማያስቆጥረው፣ ውሃ ግን የሚጠጣው።

ሁለት ሸክላ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጎ፣ መሃላቸው አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን በውሃ ማራስ። ነገሩ ይኸው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞሐመድ ባህ አባ የተባለ የሰሜን ናይጄሪያ መምህር ይህንኑ ለገበሬዎች አሰራጭቶ በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቶበታል። ቤተሰቡ ሸክላ ሠሪ ነበር። በእሱ ሙከራ ሦስት ቀን ብቻ የሚቆይ ደበርጃን 27 ቀን እንደቆየ ተነግሯል። እኛ እዚያ አልደረስንም። ምን ያህል እንደደረስን ቁጥሩን ከታች እጽፈዋለሁ፣ እትዬ በሽምብራ የቆጠሩት ነው።

ጋኑ ለምን እምቢ አለ

እትዬ ጓሮ አንድ ጋን ነበራቸው። ድሮ ጠላ ይጠምቁበት ነበር። አፉ ተሸርፎ ከንፈሩ ላይ ተሰንጥቋል፣ ለምንም አይሆንም ተብሎ በግንቡ ጥግ ተቀምጧል። ቆራሌው እንኳ ብረት ስላልሆነ አይወስደውም። እኔ ሳየው ደስ አለኝ። ትልቅ ነው፣ ነጻ ነው፣ አፉ መሸረፉ ደግሞ ይበልጥ አሰፋው። ከገበያ አንድ አዲስ ማሰሮ በ350 ብር ገዛን፣ ውስጥ የሚገባውን። አሸዋውን ከጎረቤት ግንባታ ትራፊ ለመንኩ፣ በአሮጌ የመስኮት ወንፊት ነፋሁት። ጋኑ ሦስት ጀሪካን አሸዋ በላ። ማሰሮውን መሃል አስቀመጥን፣ ዙሪያውን ሞላን፣ አራስነው፣ ቲማቲም ከተትን፣ በእርጥብ ጨርቅ ከደንን።

በማግስቱ ቴርሞሜትር ይዤ መጣሁ። ለሥራ የምጠቀምበት ነው፣ ሽቦው ረጅም ስለሆነ ክዳኑን ሳልከፍት ውስጥ ማስገባት እችላለሁ። ከውጭ 29 ዲግሪ። ከውስጥ 27። በሦስተኛው ቀን 27። የጋኑ ጎን እንደ ድንጋይ ደረቅ ነው። አሸዋው ግን ረግረግ ሆኗል። ውሃው አልወጣም።

"እኔ ያልኩህ ፍሪጅ ነው" አሉ እትዬ። አልተቆጡም፣ ግን ደክሟቸዋል።

እኔ ሁለት ቀን ራሴን ስጠይቅ ቆየሁ። ሸክላ ሸክላ ነው ብዬ ነበር። መልሱን የሰጡኝ ራሳቸው እትዬ ናቸው፣ ሳያውቁት። ጋኑን እያዩ "ስንት ወይራ አጥኜበታለሁ!" አሉ። ነገሩ ያን ጊዜ በራልኝ። የጠላ ጋን በጠመቁ ቁጥር ይታጠናል። የጭሱ ቅባት በየዓመቱ ቀዳዳው ውስጥ እየገባ ይደርቃል። በላዩ ላይ የጠላው አተላ አለ። ድስትም እንደዚሁ ነው፣ ምጣድም እንደዚሁ ነው። እናቶቻችን ሸክላ ገዝተው መጀመሪያ የሚያደርጉት ማሟሸት ነው። በዘይት፣ በጎመን ዘር፣ በጭስ። ያ ማለት ቀዳዳውን መድፈን ነው። ወጥ እንዳያፈስ፣ እንጀራ እንዳይዝ። በጥንቃቄ የተሟሸ ሸክላ ለማብሰል ግሩም ነው፣ ለማቀዝቀዝ ግን አይሆንም። ለዘመናት በጥሩ ሁኔታ የተያዘ ዕቃ ነው እምቢ ያለን።

ይህን ለመለየት ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ጣትን ውሃ ነክሮ ሸክላው ላይ አንድ ጠብታ ማንጠብጠብ ነው። ያልተሟሸ ሸክላ ላይ ጠብታው ወዲያው ይዋጣል፣ እድፍ ብቻ ትቶ ይጠፋል። የተሟሸው ላይ ጠብታው ክብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ዘንበል ሲያደርጉት ይንከባለላል። የእትዬ ጋን ውስጥ ጠብታው እንደ ዶቃ ተንከባለለ። አሮጌ ሸክላ ለዚህ ሥራ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይህችን ጠብታ ይሞክር። እኛ ሦስት ጀሪካን አሸዋ ከተሸከምን በኋላ ነው የሞከርነው።

እንስራው

ግቢያችን መጨረሻ የምትኖር ጎረቤት በር ላይ አንድ እንስራ ነበር። አንገቱ ተሰብሮ አበባ ተተክሎበታል፣ አበባውም ደርቋል። ውሃ ብቻ የያዘ እንስራ ነው፣ ጭስ አያውቅም። ጠብታ አደረግኩበት። ዋጠው። ጎረቤታችን "ውሰዱት፣ አበባውም እንደሁ ሞቷል" ብላ ሰጠችን።

የእንስራ ችግር አፉ መጥበቡ ነው። አንገቱ ቢሰበርም ማሰሮ አያስገባም። ትከሻው ላይ መቁረጥ ነበረብን። በከሰል ዙሪያውን አሰመርኩ። እንስራውን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አስተኛነው፣ እርጥብ ሸክላ አቧራው ያንሳል፣ ሲቆረጥም እንደ ደረቁ አይፈነጥርም። ከዚያ በሴጌቶ። አንድ ጊዜ አይቆረጥም። ዙሪያውን ትንሽ ትንሽ እያጫሩ፣ መስመሩን እያጠለቁ፣ ደጋግሞ መዞር ነው። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ሁለት የሴጌቶ ምላጭም ጨረስኩ። ቸኩሎ በመዶሻ የመታ ሰው እንስራውን ገል ያደርገዋል። መጨረሻ ላይ የላይኛው ክፍል እንደ ክዳን ተነሳ። የተቆረጠውን ጠርዝ በእግር መፋቂያ ድንጋይ አለሰለስኩት።

ከሥር አንድ ቀጭን ስንጥቅ ነበረው። ከውስጥ በኩል በአንድ ጭብጥ ሲሚንቶ ደፈንኩት። የስንጥቁን ያህል ብቻ፣ ጎኑን ግን አልነካሁም፣ ጎኑ መተንፈስ አለበት።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ከታች አራት ጣት ያህል አሸዋ። በላዩ 350 ብር የገዛነው ማሰሮ፣ ሳይሟሽ። በሁለቱ መሃል ዙሪያውን ሦስት ጣት የሚያህል ክፍተት፣ አሸዋ ተሞልቶ። የማሰሮው ከንፈር ከአሸዋው ሁለት ጣት ከፍ ይላል፣ ውሃ ስንጨምር ወደ ውስጥ እንዳይፈስ። ማሰሮው ውስጥ ከታች ጥቂት ደረቅ ገለባ። ክዳኑ የእትዬ አሮጌ ነጠላ ነው፣ አራት እጥፍ ሆኖ፣ ርሶ። ነጠላ ጥጥ ስለሆነ ውሃ ይይዛል። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ማዳበሪያ ደርቦበት አገኘሁ። ማዳበሪያ ፕላስቲክ ነው፣ ያፍነዋል። የቃጫ ጆንያ ቢሆን ግን ይቻላል። ሁለቱን ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል።

ለማጠጣት ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ተጠቀምን። ክዳኑን በጋለ ሚስማር ቀድደን፣ ጠርሙሱን ገልብጠን አሸዋው ውስጥ አቆምነው። አሸዋው ሲደርቅ ውሃው ይወርዳል፣ ሲረጥብ ይዘገያል። እትዬ ጠዋት ወደ ጉልት ሲሄዱ ይሞሉታል፣ ማታ ይሞሉታል። እኛ ስንለካው በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ይጠጣል። ንጹሕ ውሃ አያባክኑበትም። ሰላጣና ጎመን ያጠቡበትን አስቀርተው ነው የሚጨምሩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቦታው

መጀመሪያ ያስቀመጥነው ክፍላቸው ውስጥ ነው። እትዬ ሌባ ይፈራሉ። ቴርሞሜትሩ 26 አለ። ክፍሉም ታፈነ፣ እንደ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሸተተ። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ተኑ የት ይሄዳል? ንፋስ ያስፈልገዋል። ንፋስ ደግሞ አዳማ አይቸገርም። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙት የንፋስ ተርባይኖች ያለምክንያት አልተተከሉም። ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻ 102 ናቸው፣ 153 ሜጋዋት ያመነጫሉ። እኛ ከዚያ ንፋስ የምንፈልገው ትንሽ ነው። በእኔና በእትዬ ክፍል መሃል አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ እዚያ ገብቶ ያፏጫል። ከተሰበረ ወንበር እግር ማስቀመጫ ሠራሁለት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ከሥሩም ንፋስ እንዲያገኝ። መተላለፊያው ላይ የቆርቆሮ በር ስላለ ሌሊት ይቆለፋል።

በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለካሁ። ከውጭ 30። ከውስጥ 22።

እትዬ እጃቸውን እስከ ክንድ ማሰሮው ውስጥ ከተቱ። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ "የእናቴ ቤት" አሉ።

ስንት ድረስ ሊወርድ እንደሚችል ቀድሞ ማወቅ ይቻላል፣ ይህን ለጎረቤት ልጆችም አሳይቻቸዋለሁ። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእርጥብ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ በካርቶን ማራገብ ነው። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ያን ቀን 19 ላይ ቆመ። እንደ እንስራችን በውሃ ትነት የሚሠራ ማቀዝቀዣ በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ ከ19 በታች አይወርድም። እንስራችን 22 ላይ መድረሱ ጥሩ ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን ይህ ቁጥር ይወርዳል። አየሩ ሲርስ ይወጣል። በሐምሌ ስንሞክረው ከውጭ 26፣ እርጥቡ ቴርሞሜትር 22፣ እንስራው 24 ነበር። በክረምት እንግዲህ ብዙም አይረዳም። አዳማ የሚጠቅመው ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባለው ደረቅና ሞቃት ጊዜ ነው፣ ጉዳቱም የሚበዛው ያን ጊዜ ስለሆነ እትዬን አላስከፋቸውም።

ሽምብራው

ቀዘቀዘ ማለት ቲማቲሙ ቆየ ማለት አይደለም። መቁጠር ያስፈልጋል። እትዬ ደብተር አይይዙም፣ እኔም ቀን ቀን የለሁም። እሳቸው ናቸው መላ ያመጡት። ሁለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ አጥበው አስቀመጡ። ከአንድ ሳጥን 80 ቲማቲም መረጥን። ቀይ ሆኖ ያልጨረሰ፣ ያልተላጠ፣ ያልተጨፈለቀ። 40 እንስራው ውስጥ፣ 40 እንደ ወትሮው በዘንቢል ክፍላቸው ውስጥ። በየማታው ያያሉ። አንድ ቲማቲም ለመጣል ሲያወጡ አንድ ሽምብራ ጣሳው ውስጥ ጣል ያደርጋሉ። የእንስራው ጣሳ ላይ በከሰል አንድ መስመር አለ፣ የዘንቢሉ ላይ ሁለት።

በአራተኛው ቀን የዘንቢሉ ጣሳ ውስጥ 9 ሽምብራ። የእንስራው ባዶ ነው። በሰባተኛው ቀን 26 ለ 3። በአሥረኛው ቀን ዘንቢሉ ውስጥ የቀሩት 5 ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ለድልህ እንጂ ለመደብ አይሆኑም። እንስራው ውስጥ 11 ተጥለዋል፣ 29 ይሸጣሉ። ያን ማታ እትዬ ሁለቱን ጣሳ መዳፋቸው ላይ እየገለበጡ ሦስት ጊዜ ቆጠሩ።

አንድ ሙከራ ነው። የአንድ ሳጥን ቲማቲም፣ በአንድ ወር ውስጥ። ሌላ ዓይነት ቲማቲም ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ግን ከአራት ቀን ወደ አሥር ቀን መሄድ ለጉልት ሻጭ ትልቅ ለውጥ ነው። ቅዳሜ የተረፈ ለማክሰኞ ይደርሳል። በርካሽ ቀን ትንሽ አብዝቶ መግዛት ይቻላል። ማታ ላይ ለመገላገል ብሎ በግማሽ ዋጋ መስጠት ይቀራል። እትዬ በጣም ያስደሰታቸው ይኼኛው ነው። "አሁን ሲመሽ ሰው አልለማመጥም" አሉኝ።

ስህተቶቻችን

ሽንኩርት ከተቱበት። ሳይነግሩኝ፣ ቦታ ተርፎ ስላዩ። በሳምንቱ ከፊሉ በቀለ፣ ከፊሉ ሻገተ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሚፈልጉት ደረቅ ቦታና ንፋስ ነው። እንስራው ውስጥ ያለው አየር እርጥብ ነው፣ ለጎመንና ለቃሪያ የሚስማማው ያ ራሱ ነው ሽንኩርትን የሚገድለው። አሁን ሽንኩርቱ በተሰበረ አልጋ ሽቦ ላይ ተዘርግቶ መተላለፊያው ውስጥ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ድንችም እንስራው ውስጥ አያስፈልገውም፣ ጨለማ ይበቃዋል። ብርሃን ላይ የቆየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴው ደግሞ መርዝነት አለው፣ ስለዚህ በካርቶን ሸፍነነዋል።

ሰላጣና ቃሪያን ከበሰለ ቲማቲም ጋር አንድ ላይ መክተትም አልሠራም። የበሰለ ቲማቲም፣ ማንጎ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ሙዝ በጋዜጣ ጠቅልሎ አቮካዶ የሚያበስል ሰው ይህን ያውቃል፣ ስሙን ባያውቅም። በተዘጋ ማሰሮ ውስጥ ጋዙ ይጠራቀማል፣ ሰላጣው ቶሎ ይጠወልጋል። እንስራው ለቲማቲም ብቻ ሆነ። ለጎመንና ለሰላጣ ደግሞ አንድ አሮጌ የቲማቲም ሳጥን በቃጫ ጆንያ ሸፍነን፣ በላዩ ሌላ የተቀደደ ሃይላንድ ሰቀልንበት። ጆንያውን ያኔ በ60 ብር ገዛን፣ ሳጥኑ የእትዬ ነው። በእውነት ለመናገር ከእንስራው ያነሰ ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ግን ጎመኑ ከጠዋት እስከ ማታ አንገቱን አይደፋም።

ታጥቦ ወዲያው የተከተተ ቲማቲም ሻገተ። አሁን ደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ነው የሚገባው። አንድ የተላጠ ቲማቲም ከሥር ተረስቶ ጎረቤቶቹን ይዟቸው ሄደ፣ ስለዚህ በየማታው ከሥር እስከ ላይ ይታያል።

በሁለት ወር ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሚያዝያ ላይ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። 22 የነበረው 24፣ ከዚያ 25 ሆነ። ንፋሱ አለ፣ ውሃው አለ። የእንስራውን ጎን ሳየው ነጭ ሆኗል፣ ዱቄት እንደተነፋበት። ውሃው ሲተን በውስጡ ያለው ጨውና ኖራ አይተንም። ሸክላው ፊት ላይ ቀርቶ ይደርቃል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ማሰሮና ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ነገር ራሱ ነው። በእግር መፋቂያ ድንጋይ ፈተግነው። ድንጋዩን አካባቢያችን በየቦታው ታገኙታላችሁ፣ ድሮ ከእሳተ ገሞራ የወጣ አረፋ ነው፣ ለእግር ብቻ ሳይሆን ለዚህም ተፈጠረ ማለት ይቻላል። አልለቅ ያለውን በኮምጣጤ አራስነው፣ ፈላ፣ ለቀቀ። በማግስቱ ቁጥሩ ወደ 22 ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ይፈተጋል።

ወጪው፣ አንድ ላይ ሲደመር፦ ማሰሮው 350፣ ጆንያው 60፣ ሁለቱ የሴጌቶ ምላጭ 80፣ ጠቅላላ 490 ብር። እንስራው፣ አሸዋው፣ ሲሚንቶው፣ ነጠላው፣ ጠርሙሱ፣ የወንበሩ እግር በግቢው ውስጥ ነበሩ። የእኔን ግማሽ ቀን አልቆጠርኩም፣ የእትዬን ምሳ በልቼበታለሁ።

ጋኑን በተመለከተ

እንስራው ትንሽ ነው። አርባ ቲማቲም፣ ከዚያ አይዘልም። እትዬ ከሁለት ወር በኋላ ጋኑን በዓይናቸው እየመዘኑ እንደነበር አውቃለሁ። ትልቅ ዕቃ ነው፣ የራሳቸው ነው፣ ብዙ ትዝታም አለበት። "ማጠብ አይለቀውም?" ብለው ጠየቁኝ። በእንዶድ ሞከሩ፣ በፈላ ውሃና በአመድ ሞከሩ። ጠብታው አሁንም ተንከባለለ።

መፍትሔውን የነገሩን ገበያ ላይ ሸክላ የሚሸጡ እናት ናቸው፣ ማሰሮውን የሸጡልን። ጋኑ ምን እንደሆነ ስነግራቸው አልተደነቁም። "እሳት ያስገባውን እሳት ያወጣዋል" አሉ። ጭስና ቅባት በደንብ በነደደ እሳት፣ አየር እያገኘ፣ ይቃጠላል። ሸክላው ከጥቁር ወደ ቀይ ሲመለስ ያን ጊዜ ጸድቷል ማለት ነው። ግን አስጠነቀቁን። ውስጡ ጥቂት ውሃ የቀረበት ሸክላ እሳት ላይ ይፈነዳል። ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ በመጀመሪያ በትንሽ እሳት ይሙቅ፣ ዋናው እሳት ኋላ ይምጣ። ስንጥቁ ሊሰፋ ይችላል፣ ያንን ማንም አያስቀርላችሁም አሉ።

ግቢያችን ውስጥ ይህን ያህል እሳት አይነድም። በግንቦት ወር መጨረሻ በባጃጅ ወደ ወንጂ መንገድ፣ ሰፊ ጓሮ ያላቸው የእትዬ ዘመድ ዘንድ ወሰድነው። እትዬ ከኋላ ወንበር ላይ ጋኑን እንደ ሕፃን አቅፈው ነበር። ጉድጓድ ቆፈርን። ከሥር እንጨት፣ ጋኑ በአፉ ተደፍቶ፣ ከሥሩ አየር እንዲገባ በሦስት ድንጋይ ከፍ ብሎ፣ ዙሪያውንና ከላይ ኩበት። ከሰዓት በኋላ ለኮስነው። አመሻሹ ላይ ኩበቱ ፍም ሆነ። በፍሙ መሃል የጋኑ ወገብ ሲቀላ አየን። አንድ ጊዜ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እስኪበርድ አልነካነውም፣ እዚያው አደርን።

ጠዋት አመዱን ስንጠርግ ስንጥቁ ከከንፈሩ አንድ ክንድ ያህል ወርዷል። የቀረው ደህና ነው። ውስጡ እንደ አዲስ ሸክላ ቀይ ነው፣ አንድ ጎን ላይ ብቻ መዳፍ የምታህል ጥቁር ቀርታለች። እትዬ ከማንቆርቆሪያው ጣታቸውን ነከሩ፣ ጎንበስ ብለው ጋኑ ውስጥ አንድ ጠብታ ጣሉ። ጠብታው ጢስ አለና ጠፋ። ሌላ ጣሉ። እሱም ጠፋ።

ቀና ብለው አዩኝና "አሸዋ ስንት ጀሪካን ነበር ያልከው?" አሉ።